መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ሰርቨራችን በኤስኤስኤች አላስገባ አለኝ፦ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»

የደብረ ብርሃኑ መምህር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍሉንም ደርቤ የምይዘው እኔ ነኝ። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት ዊኪፔዲያ የሚያነቡበት አንድ ሰርቨር አለን። ኡቡንቱ 24.04 የተጫነበት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም ይሠራበታል። ልጆቹ ብሮውዘራቸው ላይ 192.168.1.10 ብለው ሲጽፉ ገጹ ይመጣላቸዋል። ከትምህርት ቤታችን ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ማሽን የምሳሳለት የለም።

ማሽኑ የተቀመጠው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ዕቃ ቤት ነው። ሞኒተርም ኪቦርድም የለውም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ንብረት ክፍል ነው ያለው። ስለዚህ ሥራዬን ሁሉ የምሠራው ከመምህራን ክፍል ሆኜ፣ በላፕቶፔ፣ በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ማሽን ገብቶ ትእዛዝ መስጫ) ነው።

ትናንት ከሰዓት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ የቻለውን ያህል ይዞ ቆየና ጠፋ። ማታ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ልገባ ስል «ኮኔክት ቱ ሆስት 192.168.1.10 ፖርት 22፦ ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» አለኝ። ወዲያው ነው የሚመልሰው። የይለፍ ቃል እንኳ አይጠይቀኝም።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው፦ ኪዊክስ ይሠራል። ይህን ስጽፍ ልጆቹ እያነበቡበት ነው። ፒንግ ሳደርገውም ይመልሳል። እኔ ምንም የነካሁት ነገር የለም። ማሽኑን መጀመሪያ ያዘጋጀልን ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ባልደረባችን ነው።

መብራቱ ዲስኩን ጎድቶት ይሆን? ሁሉንም እንደገና መጫን ይሻላል? እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ብቻውን 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። እኛ ጋ ባለው ኢንተርኔት እንደገና ማውረድ የሚታሰብ አይደለም። ፈተና ደርሷል፤ የድሮ ፈተናዎችን ልጭንላቸው ቃል ገብቻለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።

ሊኑክስ ወዳዱ

ጋሼ ሰላም። ፋየርዎሉ ነው የሚሆነው። ማሽኑ ላይ ሞኒተር ሰክተው «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ዲስኤብል» ይበሉት። በዚያ ካልተፈታ የኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨሩን አጥፍተው እንደገና ይጫኑት። ለእኔ ብዙ ጊዜ የሚሠራልኝ እሱ ነው።

የሐዋሳዋ ቴክኒሺያን

መምህር፣ እንደምን አሉ። የእኔ ሥራ ክልል ላይ የተበተኑ የጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮችን ከርቀት መጠበቅ ነው። ይህ መልእክት በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ወንድሜ ከላይ የመከረው በቅንነት ነው። ግን እባክዎ ፋየርዎሉን አያጥፉ። ምንም ነገርም አጥፍተው አይጫኑ። ዲስክዎም ተጎድቶ አይመስለኝም። ማሽኑ ትልቅ ፍንጭ ሰጥቶናል፤ መጀመሪያ እሱን እንየው።

ላፕቶፕዎ ለመግባት ሲሞክር መጀመሪያ «ሲን» የምትባል ትንሽ ፓኬት ወደ ፖርት 22 ይልካል። ፖርት ማለት ማሽኑ ላይ ለየፕሮግራሙ የተመደበ የበር ቁጥር ነው፤ 22 የኤስኤስኤች ናት። እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ካለ ማሽኑ ተቀብሎ ይመልሳል፣ ወሬው ይቀጥላል። የሚያዳምጥ ከሌለ ደግሞ የማሽኑ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ራሱ «ሪሴት» የሚባል ፓኬት መልሶ ይልካል። ላፕቶፕዎ ያንን ሲያገኝ ነው ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ብሎ የሚጽፍልዎት። ሰው ቤት ሄደው ሲያንኳኩ ከውስጥ «እሱ እዚህ የለም» የሚል ድምፅ እንደ መስማት ነው። ቤቱን አግኝተውታል፣ ሰውም አለበት። የፈለጉት ሰው ነው የሌለው።

ፋየርዎል ቢሆን ኖሮ ጠባዩ ሌላ ነበር። የኡቡንቱ ፋየርዎል፣ ማለትም ዩኤፍደብሊው፣ ያልተፈቀደ ፓኬት ሲመጣ በነባሪ አሠራሩ ዝም ብሎ ይጥለዋል። መልስ የሚባል ነገር የለም። ላፕቶፕዎ ጠብቆ ጠብቆ በመጨረሻ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል። ወዲያው ከተመለሰ አንድ ነው፣ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ተስፋ ከቆረጠ ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ልብ የሚል ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ፤ «ሪጀክት» የሚል ደንብ የተጻፈበት ፋየርዎል ልክ የእርስዎን ዓይነት መልእክት ሊያመጣ ይችላል። ግን በትምህርት ቤት ማሽን ላይ ሆን ብሎ ያንን የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገኝም።

የይለፍ ቃልዎም እዚህ ውስጥ የለበትም። እሱ ቢሆን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይልዎት ነበር። እርስዎ እዚያ ገና አልደረሱም።

አንድ ሌላ ጥርጣሬ ነበረኝ፤ እሱንም እርስዎ ራስዎ ዘግተውልኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻዎችን እንደ አዲስ ያድላል። የሰርቨሩን አድራሻ አንዳንዴ የሰው ስልክ ወይም ፕሪንተር ይወስደዋል። ሰው «ሰርቨሬ እምቢ አለኝ» ሲል እምቢ ያለው ፕሪንተሩ ሆኖ አግኝቼ አውቃለሁ። የእርስዎ ግን ኪዊክስ በዚያው በ192.168.1.10 እየከፈተ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ትክክለኛው ነው፣ ተነሥቷል፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። የቀረን ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ፖርት 22 ላይ የሚያዳምጠው ለምን ጠፋ?

ይህን የሚመልሰው ማሽኑ ነው። ቁልፉን አስመጡና ከኮምፒውተር ክፍሉ ሞኒተርና ኪቦርድ ወስደው ይሰኩበት። ትእዛዞቹን ለባልደረቦቼ በስልክ እንደምነግራቸው ልንገርዎት። ሁሉም በትንንሽ ፊደል ነው።

መጀመሪያ «ሱዶ»፣ ቀጥሎ «ኤስ ኤስ»፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሰረዝና «ቲ ኤል ኤን ፒ» አንድ ላይ። ይህ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት ላይ እያዳመጠ እንዳለ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ከአድራሻው ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) እና 22 ያለበት መስመር አለ ወይ? ከሌለ በምትኩ የማያውቁት ቁጥር አለ ወይ?

ቀጥሎ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብለው «ኤስኤስኤች ነጥብ ሶኬት» ይጨምሩ። ሶኬት የምትለዋን እንዳይረሷት። «ኤስኤስኤች» ብቻ ብለው ከጠየቁ «ኢንአክቲቭ፣ ዴድ» ሊልዎት ይችላል። እሱን ዓይተው እንዳይደነግጡ። ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ የሚያዳምጠው ሲስተምዲ (ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስነሣው የሲስተሙ ፕሮግራም) ራሱ ነው፤ የሚያዳምጥበት ነገር ነው ሶኬት የሚባለው። የኤስኤስኤች ፕሮግራም የሚነሣው የመጀመሪያው ሰው ሲመጣ ነው፤ ማንም ሳይገባ ሜሞሪ ይዞ እንዳይቀመጥ ነው እንዲህ ያደረጉት። ስለዚህ ሞተ የሚለው ገና አልተጠራም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ «ሱዶ ግሬፕ»፣ ሰረዝና «አር አይ»፣ «ፖርት»፣ ከዚያ የኢቲሲ ኤስኤስኤች ፎልደር መንገድ። በማስተካከያ ፋይሎቹ ውስጥ ፖርት የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ ያወጣልዎታል። መስመሩ በፓውንድ ምልክት (#) ከጀመረ አይሠራም፣ ይለፉት። ያለ ምልክቱ የተጻፈ ካለ እሱን ይጻፉልኝ።

ያገኙትን እንዳለ ይምጡበት። አንዱንም ገና አይቀይሩ።

የደብረ ብርሃኑ መምህር

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ቁልፉ ከምሳ በኋላ ነው የተገኘው።

ዝርዝሩ ላይ 22 የለም። 80 አለ፤ እሱ ኪዊክስ ነው። 2222 የሚል አለ፤ አጠገቡ የተጻፈው ስም «ሲስተምዲ» ነው። ሶኬቱ «አክቲቭ፣ ሊስኒንግ» ይላል። በግሬፑ «ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ» በሚባለው ፋይል ውስጥ «ፖርት 2222» ያለ ምንም ምልክት ተጽፎ አገኘሁት። እኔ አልጻፍኩትም። የተዛወረው ባልደረባችን ጋ ደውዬ ነበር። አንድ ጊዜ ፖርቱን ለመቀየር ሞክሮ፣ ኤስኤስኤችን ሪስታርት አድርጎ፣ አልቀየር ሲለው እንደተወው ነገረኝ። ይህ ካለፈው ክረምት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ሁልጊዜ በ22 ነው ስገባ የኖርኩት።

አሁን ወደ መምህራን ክፍል ተመልሼ ከላፕቶፔ በ2222 ሞከርኩ። በዚህኛው «ሪፊውዝድ» አላለኝም። ዝም ብሎ ቆየ፣ ቆየ፣ በመጨረሻ «ታይምድ አውት» አለ። ዕቃ ቤት ሄጄ እዚያው ማሽኑ ላይ ሆኜ ወደ ራሱ በ2222 ስሞክር ግን የይለፍ ቃል ጠይቆ አስገባኝ።

አንድ ማሽን እንዴት ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል? ደግሞስ ከክረምት በፊት የተጻፈ መስመር ምን ብሎ ትናንት ሥራ ጀመረ?

የሐዋሳዋ ቴክኒሺያን

መምህር፣ አሁን ነገሩ ተፈታ። ለባልደረባዎ መደወልዎ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ የጎደለው ታሪክ እሱ ጋ ነበር።

እንደነገርኩዎት ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፖርቱን ይዞ የሚያዳምጠው ሶኬቱ ነው። ሲስተምዲ ማስተካከያ ፋይሉን አንብቦ ሶኬቱ በየትኛው ቁጥር እንደሚያዳምጥ የሚወስነው ማሽኑ ሲነሣ ወይም «ዴሞን ሪሎድ» (ማስተካከያዎቹን እንደገና አንብብ) ሲባል ነው። ባልደረባዎ «ፖርት 2222» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ኤስኤስኤችን ብቻ ሪስታርት አደረገ። ሶኬቱ ግን ባለበት በ22 ቀጠለ። እሱም አልሠራም ብሎ ተወው። በቀድሞዎቹ ኡቡንቱዎች፣ ለምሳሌ በ22.04፣ ያደረገው በቂ ነበር። ልምዱን ከዚያ ይዞ ነው የመጣው፣ አይፈረድበትም።

ከዚያ ወዲህ ዩፒኤሱ ስለያዘው ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም። ትናንት ጠፋ። ሲነሣ ሲስተምዲ ፋይሉን ከመጀመሪያው አነበበና ሶኬቱን 2222 ላይ ከፈተው። መብራቱ ያበላሸው ነገር የለም። ተጽፎ የቆየውን ነው ያስፈጸመው።

ሁለቱ መልሶች ደግሞ እንዲህ ናቸው። ማሽኑ ላይ «ሱዶ ዩኤፍደብሊው ስታተስ» ቢሉ 22 እና 80 ብቻ የተፈቀዱ ሆነው ያገኟቸዋል ብዬ እገምታለሁ። በ22 ሲመጡ ፋየርዎሉ ያሳልፍዎታል፤ ውስጥ የሚያዳምጥ ስለሌለ ሪሴት ይመለሳል። በ2222 ሲመጡ የሚያዳምጥ አለ፤ ፋየርዎሉ ግን ፓኬትዎን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ከማሽኑ ወደ ራሱ ሲሞክሩ ፋየርዎሉ መንገድ ስለማይዘጋ ገቡ።

አሁን ምርጫ አለዎት። 2222ን ይዘው ፋየርዎሉ ላይ «አላው 2222 ስላሽ ቲሲፒ» ማለት ይችላሉ። ልክ ነው፣ ይሠራል። እኔ ግን ወደ 22 ይመልሱት እላለሁ። ከ21 ኤፍቲፒ እና ከ23 ቴልኔት መሃል ያለችውን 22ን ታቱ ዩሎነን በ1995 ፊንላንድ ውስጥ ኤስኤስኤችን ሲሠራ ወስዷት እስከ ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በር ናት። ነገ እርስዎም ሊዛወሩ ይችላሉ። የሚተካዎት መምህር መጀመሪያ የሚሞክረው 22ን ነው። ማሽኑ ከትምህርት ቤቱ ውጭ አይታይም፤ ቁጥር መቀየር የሚጠቅመው ነገር አይታየኝም። ጥበቃ ከፈለጉ ጥበቃው የቁልፍ ፋይል ነው፤ በይለፍ ቃል ፋንታ ማንነትዎን የሚያረጋግጥ ፋይል ማለት ነው። ላፕቶፕዎ ላይ «ኤስኤስኤች ኪይጄን» ብለው ቁልፍ ይሥሩ፣ «ኤስኤስኤች ኮፒ አይዲ» ብለው ወደ ሰርቨሩ ይላኩ። በቁልፉ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ በይለፍ ቃል መግባትን መዝጋት ይችላሉ። ይሄ ከማንኛውም የቁጥር ለውጥ ይበልጣል።

የሚያደርጉት ይህ ነው። ሞኒተሩ እንደተሰካ ፋይሉን በናኖ (የጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም) ይክፈቱና በ«ፖርት 2222» ፊት የፓውንድ ምልክት ይጨምሩ። ከዚያ «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ»፣ ሰረዝ፣ ትንሿ «ቲ»። ይህ ፋይሉ ውስጥ የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይናገራል፤ ዝም ካለ ደህና ነው። ቀጥሎ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዴሞን ሪሎድ»፤ በዴሞንና በሪሎድ መሃል ሰረዝ አለ። ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤስኤስኤች ነጥብ ሶኬት»። መልሰው በ«ኤስ ኤስ» ይዩት፤ 22 መምጣት አለበት።

አንድ ነገር አደራ። ሞኒተሩን ከመንቀልዎ በፊት ማሽኑን በሥርዓት ሪቡት ያድርጉትና ከላፕቶፕዎ ይግቡ። ከሪቡት በኋላ ያልተሞከረ ለውጥ ገና አልተሠራም። ከርቀት ሆነው እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያደርጉ ከሆነ ደግሞ የገቡበትን መስኮት አይዝጉት። ሌላ መስኮት ከፍተው መግባትዎን ካዩ በኋላ ነው የሚዘጋው። እኔ ይህን ሳላደርግ ምንም ነገር አልነካም፤ አንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሚደረስበት በቀን አንዴ በሚወጣ መኪና ነው።

የደብረ ብርሃኑ መምህር

ሠራ! ዩኤፍደብሊው ላይ የገመትሽው ነው ያለው፣ 22 እና 80 ብቻ። ፋይሉን አስተካከልኩ፣ ሪቡት አደረግኩት፣ ከመምህራን ክፍል ገባሁ። ቁልፉንም ሠርቻለሁ። አንዲትም ፋይል አልጠፋችም። የድሮ ፈተናዎቹ አሁን እየተጫኑ ነው። ተባረኪ። ያገኘነውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ማሽኑ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ አድራሻውን፣ ፖርቱን፣ ዴሞን ሪሎዱን።

ሊኑክስ ወዳዱ

እህቴ፣ ፋየርዎሉን ያጥፉ ያልኩት ትክክል አልነበረም፣ ገብቶኛል። እዚሁ ላይ የራሴን ልጠይቅ። አዲስ አበባ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው የምሠራው። ውጭ አገር የተከራየነው ሰርቨር አለን። አንዳንድ ቀን ከቢሮ ስገባ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ይላል። በዚያው ሰዓት ላፕቶፔን ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር ሳገናኘው ይገባል። ትንሽ ቆይቼ ከቢሮ ስሞክር ደግሞ ራሱ ተስተካክሎ አገኘዋለሁ። ባንቺ አባባል የሚያዳምጥ ከሌለ ከስልኬም መግባት አልነበረብኝም።

የሐዋሳዋ ቴክኒሺያን

ጥሩ አስተውለሃል ወንድሜ። ከላይ «ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ» ያልኩት ይኸው ያንተ ነው። ሰርቨሩ ላይ ፌይልቱባን ተጭኖ ይሆናል።

ፌይልቱባን የመግቢያ መዝገቡን እያነበበ፣ ከአንድ አድራሻ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ሲደጋገም ያንን አድራሻ ያግዳል። ካልተቀየረ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስህተት ሲያይ ለ10 ደቂቃ ነው የሚዘጋው። ሲዘጋ ደግሞ ዝም ብሎ አይጥልም፤ «ሪጀክት» ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ወዲያው «ሪፊውዝድ» የምታየው፣ ትንሽ ቆይተህ ደግሞ ራሱ የሚከፈትልህ።

አንተ የይለፍ ቃል ባትሳሳትም ይደርስብሃል። የቢሮው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ አድራሻ ነው። አንዱ ሲሳሳት ሁላችሁም ትታገዳላችሁ።

ሲዘጋብህ ከስልክህ ኢንተርኔት ግባና «ሱዶ ፌይልቱባን ክላየንት ስታተስ ኤስኤስኤችዲ» በል፤ በፌይልቱባንና በክላየንት መሃል ሰረዝ አለ። የታገዱትን አድራሻዎች ያሳይሃል። የቢሮህ እዚያ ካለ «ሴት ኤስኤስኤችዲ አንባንአይፒ» ብለህ አድራሻውን ጨምርበት፣ ይፈታል። «ኢግኖር አይፒ» በሚለው መስመር የቢሮውን አድራሻ ጽፈህ ለዘለቄታው እንዳይታገድ ማድረግም ይቻላል፤ ግን የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ አድራሻውን የሚቀያይር ከሆነ አይጠቅምህም።

ከዚያ በፊት ግን ማን እየተሳሳተ እንደሆነ ፈልግ። «ጆርናልሲቲኤል»፣ ሰረዝና «ዩ»፣ «ኤስኤስኤች» ብለህ «ፌይልድ ፓስወርድ» የሚሉትን መስመሮች እያቸው። የተጠቃሚው ስም እዚያው ተጽፏል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ሰው አይደለም፤ የይለፍ ቃሉ ሲቀየር ያልተነገረው የባክአፕ ስክሪፕት ነው። ለእሱም የራሱን ቁልፍ ሥራለት።